ሦስት ሰኞ የመጣው ዳቦ

ኮሎምበስ ውስጥ የተኳረፈ ባልና ሚስት፣ በኪራይ የተጣላ አከራይና ተከራይ፣ በስልክ የተሰዳደበ እህትና ወንድም ሁሉ ደጄን ያውቀዋል። መጀመሪያ ላይ ሴት እንዴት ሽማግሌ ትሆናለች የሚሉ ነበሩ፤ ሁለት ሦስቱን ከሚስቶቻቸው ካስታረቅኳቸው በኋላ ዝም አሉ። እትዬ ማንያህልሻል የገባችበት ነገር ይበርዳል ይባልልኛል። ሲባልልኝም ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለኔ መሆኑን ያወቅሁት ግን ፋናዬን ይዤ ጃፓኖቹ ዳቦ ቤት የሄድኩ ቀን ነው።

ፋናዬ ሂልቶፕ ሰፈር ካለው ቤቴ የላይኛውን ክፍል የተከራየች ልጅ ናት። በዲቪ መጥታ መጀመሪያ ያገኘችው ሥራ ደብሊን ወደሚባለው ሰፈር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የጃፓኖች ዳቦ ቤት ነበር፤ ስድስት ዓመት ሠራችበት። ቤቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ባለቤቶቹ ሚስተር ሆሪና ሚስስ ሆሪ ሆዱ የተሞላ ጣፋጭ ዳቦ ይጋግራሉ፤ በክሬም፣ በቸኮሌት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በቀይ ባቄላ። ባቄላ በስኳር! ፋናዬ መጀመሪያ ያመጣችልኝ ቀን «ይሄን የሚበላ ሰው ጤነኛ ነው?» ብዬ ሳቅሁባት፤ አንዱን ስጨርስ ግን ሌላ እንዳላት ጠየቅኋት።

ሊጡን መዳፍ ላይ ዘርግቶ፣ የጣፈጠውን ባቄላ መሃሉ አድርጎ፣ የተዘጋበት ሳይታይ መጠቅለል ቀላል ይመስላል። ሚስተር ሆሪ ይህችን ብቻ ሦስት ወር አስተምረዋታል። ያበላሸችውን አይጥሉትም፤ እሳቸው ራሳቸው ለምሳ ይበሉት ነበር። «አባቴ እንኳን እንዲህ አልታገሰኝም» ትለኝ ነበር ፋናዬ።

ኮቪድ የገባ ሰሞን ዳቦ ልገዛ ሄጄ ሰውየው ከጓዳ ሲያስሉ ሰማሁ። ሠላሳ ዓመት ዱቄት የሳበ ሰው ቢያስል ምን ይገርማል? ያኔ ግን ማን አስቦ! ገና መኪናዬ ውስጥ ሳለሁ የሐበሾች ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ድምፄን ለቀቅኩት፤ «እዛ ቻይናዎቹ ዳቦ ቤት እንዳትሄዱ፣ ሰውየው ሲያስል በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አልኩ። ጃፓን መሆናቸውን አሳምሬ አውቃለሁ። ቻይና ያልኩት ሰው እንዲፈራልኝ ነው። ያን ዕለት ፋናዬ ከሥራ ስትገባ «ወይ ሥራሽን ወይ ቤቴን፣ አንዱን ምረጪ» አልኳት።

በዚያን ጊዜ ክፍል የሚያከራይ ሰው ከየት ይገኛል። ፋናዬ በማግስቱ ሥራ ቀረች። ምክንያቱን ለመናገር አፈረች፤ ሲደውሉላት አላነሳችም፤ በኋላ ቁጥሯንም ቀየረችና ዌርሃውስ ካርቶን ልታነሳ ገባች። እስከዚህ ያለውን እሷም ታውቃለች። የማታውቀው ሰኞ ሰኞ የሆነውን ነው።

ዳቦ ቤቱ ሰኞ ዝግ ነው። ኤፕሪል ውስጥ አንድ ሰኞ የቤቴ በር ተንኳኳ። መጋረጃውን በጣቴ ገለጥ አድርጌ ሳይ ሚስተር ሆሪ ማስክ አድርገው፣ የወረቀት ከረጢት በሁለት እጃቸው ይዘው በረንዳው ላይ ቆመዋል። አድራሻዋን ከሥራ ወረቀቷ ላይ አግኝተውት ይሆናል። ፋናዬ ሥራ ላይ ናት። አልከፈትኩም። ትንሽ ጠብቀው ደግመው አንኳኩ፤ ከዚያ ከረጢቱን መሬት አስቀመጡና ለተዘጋው በር ጎንበስ ብለው ሄዱ። መኪናቸው እስኪታጠፍ ጠብቄ ጓንት አጥልቄ ወጣሁ። ዳቦው ትኩስ ነበር፣ ሙቀቱ በጓንቱ አልፎ ተሰማኝ። ከነከረጢቱ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከትቼ በረኪና አፈሰስኩበት። በሁለተኛው ሰኞም፣ በሦስተኛውም እንደዚሁ አደረግኩ።

ሰው ያኔ ሙዝ በሳሙና ያጥብ ነበር፤ ፈርቼ ነው ማለት እችላለሁ። ለራሴ ስንቴ ብየዋለሁ! ነገር ግን በዚያው ሰኞ ከሱፐርማርኬት ያመጣሁትን ዳቦ፣ ስንት እጅ እንደነካው የማላውቀውን፣ በሻይ እያጣጣምኩ በልቻለሁ። እኔ መሬት የወደቀ ቁራሽ አንስቼ፣ ስሜ፣ ከፍ ካለ ቦታ የማስቀምጥ ሰው ነኝ። እንዲያ ተደርጌ ነው ያደግሁት። ትኩስ ዳቦ መጣሌን ለንስሐ አባቴ እንኳን አልተናገርኩም። ለፋናዬም ዛሬ እነግራታለሁ ነገ እነግራታለሁ ስል ዓመት አለፈ።

በዓመቱ ጁን ላይ ፋናዬ ዓይኗ ቀልቶ ወጥ ቤት ገባች። ድሮ አብሯት ይሠራ የነበረ ልጅ መንገድ ላይ አግኝቷት ሚስተር ሆሪ ጃንዋሪ ላይ በልብ ሕመም ማረፋቸውን ነግሯታል።

«ለቅሶ እንኳን አልደረስኩም እትዬ» አለችኝ። «እጄን ይዘው ያስተማሩኝ ሰውዬ! ቢያንስ ሚስስ ሆሪን አፖሎጃይዝ ላድርግ። ሥራውን ቢመልሱልኝማ እንዴት ደስ ባለኝ፤ እሱ ቢቀር ግን ይቅር። ብቻዬን መሄድ ፈራሁ። ምን ብዬ ፊታቸው እቆማለሁ? ትልቅ ሰው ይዤ ልሂድ፣ እርስዎ ይምጡልኝ።»

እምቢ ብል ለምን ትለኛለች። እሺ ብል ደግሞ ሴትዮዋ የከረጢቱን ነገር ካነሱት አለቀልኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ምን ችግር አለው የኔ ልጅ፣ እኔ እያለሁ!» አልኳት። ባልየው ሞተዋል፣ ወሬውም አብሯቸው ተቀብሮ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። በሰው ሞት ተስፋ አደረግኩ፤ እንዲህ ያለች ሽማግሌ ነኝ።

ደንቡ ሽማግሌ ሦስት ይሁን ነው። ቅዳሜ ግን ሁሉም የሥራ ሺፍት አለው፤ ስለዚህ እኔው ብቻዬን ሦስት ሆንኩና ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ።

ዳቦ ቤቱ በጥርስ ሐኪምና በጥፍር ቤት መሃል ያለች ጠባብ ሱቅ ናት። ድሮ ሰው ትሪና መቆንጠጫ ይዞ እየዞረ የወደደውን ራሱ ያነሳ ነበር። አሁን ዳቦው ሁሉ አንድ በአንድ በላስቲክ ታሽጓል። የክሬሙ አለ፣ የቸኮሌቱ አለ፣ ላዩ እንደ ኤሊ ጀርባ የተሰነጣጠቀውም አለ። የባቄላው መደርደሪያ ባዶ ነበር። ፋናዬ እሱን ስታይ ቆም አለች።

ሚስስ ሆሪ ከጓዳ ወጡ። ትንሽዬ ሴት ናቸው፤ ነጭ ሻሽ አስረዋል፣ ማስክ አድርገዋል። ፋናዬን ሲያዩ በእጃቸው የያዙትን ትሪ ቶሎ አስቀመጡት።

«ፋናሳን» አሉ። እንደዚያ ነው የሚጠሯት።

ፋናዬ አልቻለችም፣ ፊቷን ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። እሳቸው አላቀፏትም፤ ክርኗን ብቻ ያዝ አድርገው ወደ ጓዳ ወሰዱን። እዚያ ትንሽ ጠረጴዛ አለች፤ በላይዋ ግድግዳው ላይ የሚስተር ሆሪ ፎቶ። ወንበር ሳቡልን፣ ሻይ ቀዱ፤ ሁለት የባቄላ ዳቦም በሳህን አቀረቡ። እጃቸው ስለማይችል የባቄላውን በቀን ስድስት ብቻ እንደሚሠሩ ነገሩን። ሲያወሩ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት የሆቴል አንሶላ ሳጥብ መናገሩ አልሆነልኝም እንጂ መስማቱን እሰማለሁ፤ ይህንን ፋናዬም ታውቃለች።

አልተቀመጥኩም። ነጠላዬን አስተካክዬ «ፋናዬ፣ ተርጉሚልኝ» አልኩ። «ልጅ አጥፍታለች። ሳትሰናበት ሄዳለች፣ ለቅሶም አልደረሰችም። ይቅር ካላሏት አንቀመጥም፤ እህል ውሃም አንቀምስም በያቸው።»

«እትዬ፣ እዚህ እንደዛ አይባልም...»

«አንቺ ተርጉሚ!»

ፋናዬ እንባዋን እየጠረገች ሁሉንም አሳጠረችውና «አሁን መብላት አትችልም» አለቻቸው።

ሚስስ ሆሪ ሳህኑን ቀስ ብለው ወደራሳቸው መለሱት።

«ይገባኛል» አሉ። «ብዙ ሰው እንደዚሁ ነበር። የእናንተ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጡ ነበር፤ ባንድ ቀን ሁሉም ቀሩ። ማን ምን እንደነገራቸው አላውቅም። ከፈራች ችግር የለም።»

ጆሮዬ ጋለ። ያ የለቀቅኩት ድምፅ እስከ ዛሬ ግሩፑ ላይ አለ።

ፋናዬ ደንግጣ «ኖ ኖ፣ ፈርታ አይደለም» ብላ ደንባችንን ማስረዳት ያዘች። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲላክ እሺ እስኪባል አይበላም፣ ይህ ክብር እንጂ ፍርሃት አይደለም አለቻቸው። ሚስስ ሆሪ አንገታቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። ደስ ያላቸው መሰለኝ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «እንግዲያው የባለቤቴን ዳቦ በልታችሁታል ማለት ነው።»

«የቱን ዳቦ?» አለች ፋናዬ።

«ቤትሽ ያመጣልሽን ነዋ። ሦስት ሰኞ።»

ፋናዬ ወደኔ ዞረች። እኔ ወለሉን አየሁ። ወለሉ ላይ የዱቄት ዱካ ነበር፣ እሱን አየሁ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እግዜር ይስጥሽ እላት ነበር።

«ስልክ አላነሳ ስትይ ሞታለች ብሎ እንቅልፍ አጣ» አሉ ሚስስ ሆሪ። «ያኔ ሰው ሁሉ ይሞት ነበር። ዳቦ ጋግሮ ወሰደልሽ። በሁለተኛው ሰኞ ሲሄድ የመጀመሪያው ከረጢት የለም። በሦስተኛው ሲሄድ ሁለተኛውም የለም። ተመልሶ መጥቶ ‹ፋናሳን ደህና ናት፣ ዳቦዬን እየበላች ነው› አለኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፉን ተኛ።»

ፋናዬ እኔን ማየቷን አላቆመችም። ነገሩ ገብቷታል። ቤቱ ውስጥ ቀን ቀን የምውለው እኔ ነኝ፤ በዚያ ዓመት ደግሞ እኔ ቤት የባቄላ ዳቦ የበላ ሰው አልነበረም። አሁን ትናገረዋለች ብዬ ጠበቅሁ። እንድትናገረው የፈለግሁም ይመስለኛል፤ ቢያንስ እኔ ከመናገር እድን ነበር።

«አዎ» አለች በመጨረሻ። «በልተነዋል። ሦስቱንም። ደውዬ ማመስገን ነበረብኝ፣ ይቅርታ።»

የሚስስ ሆሪ ዓይኖች ከማስኩ በላይ ሳቁ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። እንዲገባኝ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚናገር ሰው ቀስ አድርገው፣ «ዩ ቱ? ጉድ?» አሉኝ።

ያኔ መናገር እችል ነበር። ሶሪ የምትለዋን ቃል የማያውቅ ስደተኛ የለም፤ ሆቴል ቤት በቀን መቶ ጊዜ ብያታለሁ፣ ያላጠፋሁትን ሁሉ። ያጠፋሁት ፊቴ ሲቆም ግን አፌ ውስጥ አልተገኘችም።

«የስ» አልኩ። «ቬሪ ጉድ።» አውራ ጣቴንም ቀጥ አድርጌ አሳየኋቸው።

ሚስስ ሆሪ የፋናዬን እጅ ገልብጠው መዳፏን አዩ። ካርቶን ሲያነሳ የሻከረ እጅ ነው። በአውራ ጣታቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉትና «ማክሰኞ ጠዋት ነይ፣ ባቄላው ሰው ይፈልጋል» አሏት። ፋናዬ ጎንበስ ብላ ግድግዳው ላይ ካለው ፎቶ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመች።

እሺ ተብሏልና መቀመጥና መብላት ግዴታዬ ሆነ። ሳህኑ ተመልሶ መጣ። ዳቦው ለስላሳ ነበር፣ ባቄላው ጣፋጭ። እያንዳንዱን ጉርሻ በሻይ ገፋሁት። ሚስስ ሆሪ እስክጨርስ ድረስ እያዩኝ ነበር፤ ፍርፋሪዋን ሳይቀር ለቅሜ በላሁ። ስንወጣም በሩ ድረስ ሸኝተው ለኔ ጎንበስ አሉ፣ ልክ እንደ ባላቸው።

ፋናዬ ብሮድ ስትሪት እስክንደርስ መንገዱን ብቻ እያየች ነዳች። እኔ ግን ቀስ በቀስ ነፍሴ ተመለሰች። ገመናዬን ሸፈነችልኝ፣ ሽምግልናዬን በባዕድ ፊት አላዋረደችም፣ የጨዋ ልጅ ናት አልኩ በሆዴ። በዚህ ሐሳብ ራሴን እያባበልኩ መጣሁ፣ ትንሽም ተጽናናሁ። ቀይ መብራት ሲያስቆመን እጄን ወደሷ ዘርግቼ «ፋናዬ፣ የሸፈንሽኝን እግዚአብሔር አንቺንም ይሸፍንሽ፣ ክፉ አይንካሽ...» ብዬ ምርቃቴን ጀመርኩ።

«ለእርስዎ ብዬ አይደለም የዋሸሁት» አለች ዓይኗን ከመብራቱ ሳታነሳ። «ለሳቸው ብዬ ነው። ባላቸው ተረጋግተው እንደተኙ ያምናሉ፤ እሱን እንዴት እነጥቃቸዋለሁ። ነገሩ እርስዎን ብቻ የሚነካ ቢሆን እዛው እናገረው ነበር።»

የዘረጋሁትን እጄን መልሼ ጭኔ ላይ አደረግኩ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላችን ያለው መኪና ክላክስ አደረገ። ፋናዬ አልነዳችም።

«የት ነው የጣሉት?» አለችኝ።

«ቆሻሻ ውስጥ» አልኩ።

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም» አልኩ። በረኪና እንዳፈሰስኩበትም ሳትጠይቀኝ ነገርኳት።