መስታወት የያዘው ሌሊት

«እማዬ፣ ቅሪ ካልሽኝ እቀራለሁ። ልቅር ወይስ ልሂድ?»

 እናትየዋ በግራ እጇ መስታወቱን ደግፋ፣ በቀኟ እርጥቡን ጨርቅ ይዛ፣ ይበልጥ አቀረቀረች። እጇ ግን ሥራውን ለምዷልና አላቆመም፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች ይጠርግ ነበር።

ልጅቷ ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ ጠበቀች። ከኋላዋ የእንጨት ሣጥኖች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። ድሮ፣ ካሜራ ራሱ ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ በዚህ ኮረብታ ላይ ባለው ሕንጻ የኖሩ ኮከብ አጥኚዎች ሌሊት ሌሊት ሰማዩን በመስታወት ላይ ፎቶ ያነሱ ነበር። ሰዎቹ አለፉ፤ መስታወቶቹ ቀሩ። አሁን ሕንጻው ሊዘጋ ስለሆነ መስታወቶቹ ተጠርገው፣ በማሽን ፎቶ ተነስተው፣ ባሕር ማዶ ወዳለ መጋዘን ይሄዳሉ። አብሯቸው ሄዶ እዚያው የሚሠራ ሰው ተፈለገ፤ ልጅቷ ተመረጠች።

መስታወቱ ሁለት ፊት አለው። ለስላሳው ፊት ያብረቀርቃል፤ የድሮዎቹ ሰዎች አንድ ኮከብ ሲያገኙ በቀለም የሚከቡበት፣ ቀስት የሚያሰምሩበት፣ የሚጽፉበት እሱ ነው። ሻካራው ፊት ደብዛዛ ነው፤ ሰማዩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ኮከቦቹ በነጣ ሰማይ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ። እናትየዋ ሥራ የጀመረች ዕለት አይታቸው፣ «ይሄን ሁሉ ሰው ያስቀጠረው የዝንብ ኩስ ነው?» ብላ ልጇን በሳቅ ገድላት ነበር።

ልጅቷ የተጻፈውን ፎቶ ታነሳና መስታወቱን ለስላሳው ወደ ላይ አድርጋ ለእናቷ ታስቀምጣለች። እናትየዋ ቀለሙን ትጠርጋለች፤ አለዚያ ከሥሩ ያለው ኮከብ ለማሽኑ አይታየውም። ሻካራው ፊት ግን አይነካም። የማታ ትምህርት ገብታ ፊደል ከለየች ወዲህ ይህ ጥረጋ ይከብዳት ጀምሯል።

«ሰው ጽፎት የሄደውን እኮ ነው የማጠፋው» ትላለች።

«ፎቶ አንስቼዋለሁ እኮ እማዬ። አንቺ እንደሆነ ፊደል ከለየሽ ጀምሮ የሳሙና ካርቶን እንኳ ሳታነቢ አትጥዪም» ትላታለች ልጇ።

ዛሬ ግን ሁለቱም አልቀለዱም።

«አትመልሺልኝም?» አለች ልጅቷ።

«አገሩ ብርድ ነው ይላሉ። አንቺ ደግሞ ደረትሽ ደህና አይደለም።»

«ብርዱን መች ጠየቅኩሽ።» ድምጿ ተሰበረ። «አባዬ የለም። ስትታመሚ ማን ውሃ ያቀብልሻል? እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።»

እናትየዋ አንድ ነገር ልትል ጨርቁን ስታነሳ ጨርቁ ላይ ያለ እድፍ ዓይኗን ያዘው። ቀለም አይደለም። በፀሐይ የተቃጠለ ቆዳ እንደሚላጠው ያለ ስስ ልጣጭ ነው። መስታወቱን ወደ መስኮቱ አዘነበለችው። ከጥጉ መዳፍ የሚያህል ቦታ ጥርት ብሏል፤ በዚያ ውስጥ የግቢው ዛፍ ወለል ብሎ ታየ። ሰማዩ የለም።

«ወይኔ ልጄ» አለች በሹክሹክታ። «ምን ነካኝ?»

ልጅቷ መጥታ አየችና ግድግዳውን ተደገፈች። ያንን ጥያቄ እንዴት እንደምታወጣው እያሰበች ሳለ መስታወቱን ሻካራውን ወደ ላይ አድርጋ አስቀምጣዋለች። እናትየዋም ወትሮ ብርሃን ላይ አዘንብላ ታይ ነበር፤ ዛሬ ግን ሳታይ ጠረገችው።

የሥራው ኃላፊ ሳይነገራቸው አንድ ነገር እንደሆነ ገባቸው መሰል፣ ከወዲያኛው ክፍል መጡ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው መነጽር ስለሚፈልጉ ሠራተኛው ሁሉ «መነጽሬ» ይላቸዋል። መስታወቱን ተቀብለው ብዙ አዩት። አለመቆጣታቸው ባሰ።

«እዚህ ጥግ ላይ አንዲት ኮከብ ነበረች» አሉ። «ኋላ ደብዝዛ ጠፋች። ምን እንዳገኛት መርምሮ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የሚመጣው ወደዚህች መስታወት ነበር። ያን ሌሊት ሌላ ማንም አላነሳውም። ዛሬ የፈለጉትን ያህል ትልቅ መሣሪያ ቢተክሉ፣ ያለፈን ሌሊት መልሰው አያነሱትም።»

የእናትየዋ ባል አንድ ፎቶ እንኳ ሳይቀርላት ነው የሞተው። ፊቱን ለማስታወስ ዓይኗን ስትጨፍን፣ መጀመሪያ ቅንድቡ፣ ቀጥሎ አገጩ እየጠፋባት መጥቷል። ኃላፊው ያሉት ገባት።

«ማን ነው የገለበጠው?» አሉ።

ስህተቱ የማን እንደሆነ ከታወቀ፣ ያ ሰው ከሣጥኖቹ ጋር እንደማይላክ ግልጽ ነው። ልጅቷ ልትናገር አፏን ከፈተች። እናትየዋ አየቻት። አሁን ዝም ብትል ልጇ ትቀርላታለች። ቅሪ ሳትላት፣ አንድ ቃል ሳትዋሽ። ማታ ማታ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ አንዷ ስታስል ሌላዋ ትነሳለች። ደስ አላት። ደስ ማለቷ ራሱ አስደነገጣት።

«እኔ ነኝ» አለች። «እሷ በደንቡ ነው ያስቀመጠችልኝ። ጀርባውን አይቼ ልመልስ ብዬ ገለበጥኩት፤ በዚያው ረሳሁት።»

«እማዬ፣ ምን እያልሽ…»

«አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ። ትልቅ ሰው ሲያወራ ጣልቃ አይገባም።»

መነጽሬ አንዷን አዩ፤ ሌላዋን አዩ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠራረጉ።

«እናቴ፣ እንዲህ ካሉኝ እኮ ከእንግዲህ መስታወት ልሰጥዎ አልችልም።»

«አውቃለሁ ጌታዬ። ልክ ነው።»

ሽርጧን ፈታች። ልጅቷ መጥታ ትከሻዋ ላይ ተደፋች፤ እናትየዋ ጀርባዋን እያሻሸች፣ «ወፍራም ሹራብ እንገዛለን» አለቻት። «ደረት የሚሸፍን።»

ጥጉ የጠራው መስታወት አልተጣለም። መነጽሬ «የተረፈው ሰማይም ሰማይ ነው» ብለው እንደሌሎቹ በወረቀት ጠቀለሉት። መኪናው መጥቶ ሣጥኖቹ ሲጫኑ እናትየዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ልጅቷ ከመስታወቶቹ ጋር ሄደች። እናትየዋ ቀረች።