የፊት ግራ ጎማ

ጦና ጎማ የሚያዟዙረው በገዛ እጁ ነበር። ሶዶ ውስጥ ጎሚስታ ሞልቶ፣ ሹፌር ሆኖ የሚሠራበት መሥሪያ ቤትም መናኸሪያ አጠገብ ከሚሠራው ከማቲ ጋር ውል ይዞ ሳለ፣ እሱ ግን ጊዜው ሲደርስ ፒክአፑን ቤቱ ግቢ ያስገባና የመኪና ማንሻ ክሪኩን አውጥቶ ሥራውን ይጀምራል። ለአዳዲስ ሹፌሮች ሲያስረዳም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። «የፊት ጎማ መሪ ሲጠመዘዝ ጠርዙ ይበላል፤ የኋላው ደግሞ ሲገፋና ጭነት ሲሸከም መሐሉ ያልቃል። ካላዟዟርካቸው ያለ ዕድሜያቸው ይሄዳሉ። የኋላዎቹን ቀጥታ ወደ ፊት አምጣ። የፊቶቹን አሻግረህ ወደ ኋላ ውሰድ፤ የግራው በቀኝ፣ የቀኙ በግራ። መኪናው አየር ላይ እያለ የጎማውን ማሰሪያ ዳዶ አስይዝ፤ መሬት ሲወርድ በደንብ አጥብቅ። ጥቂት ከነዳህ በኋላ ደግሞ ወርደህ እየው።» ይህን ሲናገር ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ አይሳሳትም ነበር።

በዚያ ክረምት አንድ ቅዳሜ ዝናቡ ጋብ ሲል ሥራውን ጀመረ። የዳሞታ ተራራ ከወገቡ በላይ በጉም ተሸፍኗል። ፒክአፑን በክሪክ እያነሳ በግንድ ደገፈው፤ አራቱንም ጎማዎች አውልቆ ግድግዳው ሥር አስደገፋቸው። ከዚያ የፊት ግራውን አንስቶ አቀፈና ቆመ።

የት እንደሚሄድ አላወቀም።

መጀመሪያ ሳቅ አለ፤ ሰው የልጁን ስም ሲጠራ አፉ ላይ እንደሚጠፋበት መሰለው። ጠበቀ። አልመጣለትም። ጎማዎቹ ከተሠለፉበት ግድግዳ ወደ መኪናው፣ ከመኪናው ወደ ግድግዳው አየ። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ጭቃ።

ባለቤቱ ጥሩነሽ የተቀቀለ የቦዬ ሥርና ማባያ ዳጣ ይዛ ብቅ አለች። «ምነው ቆምክ?»

«እያረፍኩ ነው።»

ሳህኑን አስቀምጣ ለአፍታ አየችውና ገባች። እሱም እጁ እንዳመራው አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ ገጠመ። ዝናቡ እንደገና ወረደ። ክሪኩን አወረደ፣ ዕቃውን ሰብስቦ በረንዳ ገባ። ዳዶዎቹን መሬት ላይ አጥብቆ መጨረስ እንዳለበት አልታወሰውም፤ የቀረ ነገር እንዳለ እንኳ አልጠረጠረም።

ሰኞ ጠዋት ትርሐስን ይዞ ወደ ዲምቱ ከተማ ለመስክ ሥራ ወጣ። ትርሐስ የመሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት፤ ከአዲግራት ተመድባ መጥታ ሶዶን ከለመደች ቆይታለች። ሌሎች ሹፌሮች ሲፈጥኑባት ስለምትፈራ፣ መስክ ስትወጣ ጋሽ ጦና ይመደብልኝ ትላለች። ከፊት ከጎኑ ተቀምጣ ስለ እናቷ ስታጫውተው ቆየች። ቁልቁለቱ ሲጀምር ወሬዋን አቋረጠች።

«ጋሽ ጦና፣ ከፊት የሆነ ነገር እየተንኳኳ አይደል?»

ሰምቶታል። ኳ፣ ኳ ይላል፤ መሪውም እጁ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። «መንገዱ ነው ልጄ» አላት።

ትንሽ እንደሄዱ የፊት ግራው ጎማ ወልቆ ቀደማቸው። ብቻውን እየተንከባለለ የሰው በቆሎ ማሳ ውስጥ ሲገባ ጦና በዓይኑ ተከተለው። ፒክአፑ በግራ በኩል ተደፍቶ አስፋልቱን እየፋቀ ተንሸራተተ፤ ከዚያ ዞሮ በትርሐስ በኩል ከቦይ ውስጥ ካለ ድንጋይ ጋር ተላተመ። እሱ ግንባሩን ብቻ ተገጨ። እሷ እግሯ ከታጠፈው ብረት ሥር ነበር። ጭነት የያዘ አይሱዙ ላይ የነበሩ ሰዎች ወርደው በብዙ ትግል አወጧት፤ ወደ ኦቶና ሆስፒታል ሊወስዷት ሲጭኗት አታለቅስም ነበር፤ የጦናን እጅ ብቻ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች።

ትራፊክ ፖሊሱ ማሰሪያውን አይቶ ብዙም አልተመራመረ። «ዳዶው ሳይጠብቅ የተነዳ ነው» አለ። የመሥሪያ ቤቱ የስምሪት ኃላፊ እስራኤል ከሶዶ መጥቶ ስለነበር ጦናን በክንዱ ይዞ ፈቀቅ አደረገው።

«ጎማውን በቅርብ የነካው ማነው?»

«ማቲ» አለ ጦና።

ሲናገር የዋሸ አልመሰለውም። ማቲ ጥቀርሻ የጠገበ ቱታውን ለብሶ ጎማው ላይ ጎንበስ ሲል ፊቱ ላይ ድቅን ብሎበታል። ያየው ግን ያለፈውን ዓመት ነው፤ ማቲ አንዲት ፈንድታ የነበረች ጎማ የለጠፈለትን ቀን። ይህን መለየት አልቻለም። ማቲን በዚያው ዕለት ከሥራ ቦታው ወሰዱት። ጋሽ ጦና ጎማ አዟዙርልኝ ብሎ መጥቶ እንደማያውቅ ደጋግሞ ቢናገርም፣ ውሉ በስሙ ስለሆነ የሰማው አልነበረም።

ማታ ጥሩነሽ የጦናን ግንባር በሞቀ ውሃ እያጠበች ሁሉንም አስነገረችው። ማቲ ጋ ሲደርስ እጇ ቆመ።

«ማቲ ነው ያልከው?»

«ማቲ ነው እንጂ። ዳዶውን ሳያጠብቅ ለቀቀኝ።»

«አንተ ነህ ያዟዟርከው፤ እዚሁ ግቢ ውስጥ። ቦዬ ሳመጣልህ ጎማ አቅፈህ ቆመሃል።»

«አንቺ ደግሞ ቀኑን አደባልቀሽ ነው» አለና ተቆጣ፤ በኑሯቸው ውስጥ እንደዚያ ተቆጥቷት አያውቅም። ነገሩን ሊያስረዳት ይመስል ተነስቶ ወደ ግቢው ወጣ። ክሪኩ ጭቃው ውስጥ ሰምጦ የተወው ጉድጓድ ውሃ ይዟል። ግንዶቹ እዚያው ናቸው። የቦዬው ሳህን ዝናብ ሞልቶት ከግድግዳው ሥር ተቀምጧል፤ አልበላውም ነበር። ጦና ግንዱ ላይ ተቀመጠ።

«ጥሩነሽ፣ ምንም አላስታውስም» አለ በስተመጨረሻ።

አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያ ቀስ እያለች ነገረችው። ቤተ ክርስቲያን ወስዷት እዚያው ረስቷት እንደተመለሰና በእግሯ እንደመጣች፤ ወንድሙ ከተቀበረ በኋላ ሁለቴ ወንድሜ ደህና ነው ወይ ብሎ እንደጠየቃት፤ ቁልፍ እጁ ላይ እያለ ቁልፉን ፍለጋ ቤቱን ሲያተራምስ እንደምታገኘው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መንዳት ያስተወችኝ እሷ ናት እንዳትለኝ ፈራሁ። ይሄ ሥራ ባይኖርህ ምን እንደምትሆን አሰብኩ። ዛሬ ግን ባሰብኩት ጊዜ ሁሉ ያቺ ልጅ ናት የምትመጣብኝ።»

ዝም ቢሉ የሚያውቅባቸው እንደሌለ ለሁለቱም ሳይገባቸው አልቀረም፤ አንዳቸውም ግን አላነሱትም።

ጠዋት አብረው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። መርማሪው የጦናን ቃል ሲሰማ ቀና ብሎ አየው። «ማቲ ዘመድዎ ነው እንዴ?»

«አይደለም።»

«አላስታውስም ካሉ፣ ታዲያ እርስዎ መሆንዎን በምን አወቁ?»

«ሚስቴ አይታለች። ግቢዬም ይመሰክራል።»

ጥሩነሽ አንገቷን ደፍታ ያየችውን ተናገረች። ማቲን ከውስጥ አመጡት፤ ዓይኑ ቀልቶ፣ ትናንት የለበሰውን ቱታ እንደለበሰ ነበር። ጦናን ሲያይ አልሰደበውም። ጠጋ ብሎ፣ «ጋሽ ጦና፣ የእኔን ስም ለምን ጠሩ?» ብሎ ጠየቀው።

«ያየሁህ መስሎኝ ነው፤ በዓይኔ ያየሁህ መስሎኝ።»

ማቲ መልሱን ይመን አይመን አልለየለትም። ከዚያ ወጥቶ ሄደ።

ጦና መንጃ ፈቃዱን እዚያው አስረከበ። ሐኪም ዘንድም ወሰዱት፤ በሽታው የመርሳት መሆኑንና እየባሰ እንጂ እየተሻለው እንደማይሄድ ለጥሩነሽ ነገሯት። ፍርድ ቤቱ ሕመሙን ተመልክቶ ቅጣቱን በገደብ አደረገለት። መሥሪያ ቤቱ አሰናበተው። ሰው ሁሉ እግዜር ማረህ አለው። እሱ ግን ምሕረት ያገኘ ሰው አይመስልም ነበር።

ጦና ከጥሩነሽ ጋር ትርሐስን ሊጠይቃት የሄደው ወደ አገሯ ልትመለስ ስትል ነው። እግሯ ከመቆረጥ ድኗል፤ ጉልበቷ ግን ከእንግዲህ እንደማይታጠፍ ነግረዋታል። እናቷ ከአዲግራት መጥተው ልብሷን እያጣጠፉ ነበር፤ አማርኛ ብዙም ስለማይሆንላቸው ጦናን በዓይናቸው ብቻ ተቀበሉት። ማን እንደሆነ ያወቁ አይመስሉም፤ ወንበር ሰጡት።

«ጋሽ ጦና» አለች ትርሐስ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ድምፁን ሰምተውት ነበር?»

«ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልቆሙም?»

ጦና ጉልበቱ ላይ የተጋደሙ እጆቹን አየ። «የማውቀው ድምፅ ነበር ልጄ። ብዙ ሰው ከእሱ አድኛለሁ። ምን እንደሆነ ግን ሊመጣልኝ አልቻለም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቆይታ፣ «ይሂዱ በቃ፤ ደክሞኛል» አለችው። ጥሩነሽ ክንዱን ይዛ አስነሳችው። እናትየዋ እስከ በሩ ሸኟቸው።

ማቲ ቤታቸው የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ አንድ እሁድ ከአምልኮ መልስ ነው። ቱታ ሳይሆን ኮት ለብሷል። ጥሩነሽ ደነገጠች፤ ግባ አለችውና ምግብ አቀረበች። ትንሽ እንደበላ ነገሩን ራሱ አነሳው፤ መሥሪያ ቤቱ ውሉን አላደሰለትም፤ ስሙ ቢጸዳም ደንበኛው ሳስቷል፤ ዕቃውን ይዞ ወደ አርባ ምንጭ ሊሄድ ነው። ቂም ይዤ አልሂድ ብዬ ነው አለ።

ጦና በትኩረት ሰማው፤ እንባውም መጣ። «በእኔ ምክንያት ከአገርህ ወጣህ» አለ። «አንተ ልጅ፣ ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ብያለሁ፤ ለዚህ አይደል የመጣሁት።»

ምግባቸውን ቀጠሉ። ውጭ ባጃጅ ጥሩንባ እያሰማ አለፈ። ጦና ቀና አለና እንግዳውን አየው፤ ፊቱ ላይ የቅድሙ ኀዘን አልነበረም፤ የእንግዳ ተቀባይ ደግነት ብቻ ነበር።

«ማቲ፣ ሥራ እንዴት ነው? መሥሪያ ቤት ደህና ይዘውሃል?»

ማቲ ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረ። ጥሩነሽን አያት፤ እሷ ዓይኗን ሰበረች።

«ደህና ነው ጋሽ ጦና» አለ ማቲ። «ወደ አርባ ምንጭ ልዛወር አስቤያለሁ።»

«መልካም አስበሃል» አለ ጦና፤ «እዚያ ሥራ አይጠፋም።» ሳህኑንም ወደ እንግዳው ገፋ አደረገለት።