ክንፍ ያበቀለችው መኪና

ዐያንሌ ድሬ ከተማ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ጣልያን ጥሏት የሄደ አንዲት ትንሽ ጥቁር መኪና ነበረች፤ አንድ ግሪክ ዳቦ ጋጋሪ የዶሮ ቤት አድርጓት ኖሮ አገሩ ሊገባ ሲነሣ ለዐያንሌ ሸጠለት።

ቀትር ላይ ሱቅ ተዘግቶ ከተማው በሙሉ ሲተኛ፣ ዐያንሌ ሽርጡን አሸርጦ ግቢው ውስጥ ከመኪናዋ ሥር ይገባል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራ። ከካርቡራተሩ ውስጥ ሳይቀር የዶሮ ላባ አወጣ። በ1951 ዓ.ም. የረመዳን ዋዜማ ሞተሩ ተነሣ፤ ሚስቱ ኢድል እልል ስትል ጎረቤት ሰርግ መስሎት መጣ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያቆም መልካም ነበር። ረመዳን ባለፈ በሳምንቱ ግን ፊት ለፊታቸው የሚኖረው ቡና ነጋዴው ሙመድ ከጅቡቲ በባቡር የአሜሪካ መኪና አስመጣ። መኪናዋ ረጅም ናት፤ ከኋላዋም እንደ ዓሣ ክንፍ የቆሙ ሁለት ክንፎች አሏት። ዐያንሌ በመስኮት ሲያያት ቆየና ምሳውን ሳይጨርስ ወጣ።

የሄደው ሽሬ ዘንድ ነው። ሽሬ ከሽመንደፈር፣ ከምድር ባቡሩ፣ በጡረታ የወጣ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነው።

«ክንፍ ሥራልኝ» አለው ዐያንሌ።

«ለምን ይሆናል?»

«ለመኪና።»

«መኪናው ሊበር ነው?»

«አቦ ተወኝ! ለማማር ነው።»

«እሺ፣ ቁመቱ ስንት ይሁን?»

«የሙመድን ሄደህ ለካ። ከዚያ አንድ ስንዝር ጨምርበት።»

ሙመድ ጁምዓ ሶላት ላይ እያለ ሽሬ ለክቶ መጣ። ከናፍጣ በርሜል ክንፍ ተቆረጠ። ክንፉ ሲገጠም የመኪናዋ ፊት አጭር ሆኖ ታየ፤ ፊቷ ተቀጠለ። ፊቷ ሲረዝም ጥቁሩ ቀለም የሐዘን መሰለ፤ ሰማያዊና ነጭ ተቀባች። ወንበሩ ከሱቅ በመጣ አረንጓዴ ከፋይ ተለበጠ። ኢድል የምትፈልገው ከከተማው ውጭ ዋሂል መንደር ያለችው እህቷ ዘንድ መሄድ ብቻ ነበር። «መቼ ነው የምትወስደኝ?» ባለች ቁጥር መልሱ አንድ ነው፦ «ትንሽ ነገር ቀርቷታል።»

መኪናዋ ከብዳለች። ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ስትደርስ ቀጥ ትላለች፤ አራት ኩሊ ከኋላ ይገፋታል። ዐያንሌ ግን መሪውን እንደያዘ፣ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ላገኘው ሁሉ ሰላምታ ይሰጣል።

አንድ ቀን ለገሃር አጠገብ፣ ከአዲስ አበባ ገና የተሾመ የመኪና መርማሪ ይቺን መኪና አያት። እንዲህ ያለ ነገር የሚሳፈር ቢያንስ ደጃዝማች ነው ብሎ ባርኔጣውን አወለቀና እስከ ጉልበቱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ዐያንሌም አንገቱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀለት። ቡና ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ መርማሪው የሳቁን ምክንያት ያወቀው ማታውን ነው።

የዓመቱ ምርመራ ቀን ደረሰና ተገናኙ።

«የማን መኪና ናት?» አለ መርማሪው፣ እንደማያውቅ ሆኖ።

«የኔ ናት። ያን ቀን ሰላም ብለኸኝ የለ?»

መርማሪው ፊቱ ቀላ። አዲስ አበባ ውስጥ «አንተ» ብሎት የሚያውቅ አለቃው ብቻ ነው፤ ድሬ ላይ ግን «አንቱ» የሚባል ነገር እንደሌለ ገና አልለመደውም። ወረቀቱን ዘርግቶ አነበበ። «ቀለም፣ ጥቁር። ርዝመት፣ ሦስት ሜትር ከአርባ።» ሜትሩን አውጥቶ መኪናዋን ለካ። «አራት ሜትር ከሰባ!»

«አድጋለች» አለ ዐያንሌ።

«መኪና ያድጋል?»

«እኔ ምን ላድርግ፣ የድሬ ሙቀት ነው።»

መርማሪው አልሳቀም። ወይ መኪናዋ እንደ ወረቀቱ ትሁን፣ ወይ ወረቀቱ እንደ መኪናዋ እንዲሆን ለበላይ አካል ያመልክት ብሎ እንዳትነዳ አገዳት። ዐያንሌ ክንፉን ከሚያጣ ጣቱን ቢቆርጡት ይሻለው ነበርና ማመልከቻ አስጻፈ። ከአራት ወር በኋላ ማኅተም ያለበት መልስ መጣ። ማመልከቻ ጸሐፊው ለኢድልና ለዐያንሌ አነበበላቸው፦

«በማመልከቻው የተገለጸው ዓይነት ተሽከርካሪ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ግዛት ውስጥ አለመኖሩ ተረጋግጧል። ስለዚህ የሌለ ተሽከርካሪ ፈቃድ ሊሰጠው አይችልም።»

«ታዲያ ግቢያችን ውስጥ የቆመው ምንድን ነው?» አለች ኢድል።

«እሱን መልሱ አይገልጽም» አለ ጸሐፊው።

ዐያንሌ ሦስት ቀን ሱቅ አልከፈተም። በአራተኛው ቀን ኢድል ራሷ ሽሬን ጠርታ መጣች። ሽሬ በቀትር መቀጥቀጫውን ይዞ ገባ፤ ዐያንሌ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ የሚነቀለውን ቆርቆሮ ድምፅ እየሰማ ትራሱን ጆሮው ላይ አደረገ። አመሻሹ ላይ ሲወጣ ትንሿ መኪና ጥቁር ተቀብታ ቆማለች። በማግስቱ መርማሪው ለካት፤ ሦስት ሜትር ከአርባ ነበረች። ቅር እያለው ፈረመ።

ቅዳሜ ኢድልን አሳፍሮ ወደ ዋሂል ተነሣ። ደቻቱ አሸዋ ላይ ኩሊዎቹ ሊገፉ ከጥላ ብድግ አሉ፤ መኪናዋ እንደ ፍየል ዘልላ አለፈቻቸው። ዐያንሌ ልማዱ ሆኖ ክንዱን በመስኮት አወጣ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ክንዱን መለሰ።

«ተናደድክ?» አለች ኢድል።

«አቧራው ነው» አለ።

ዋሂል ሲደርሱ የኢድል እህት ሃሊሞ ወተት ይዛ ወጣች። «እንዴት እንዲህ በጊዜ ደረሳችሁ? ማን አመጣችሁ?» አለች።

ዐያንሌ ስለ ክንፉ፣ ስለ ቀለሙና ስለ ከፋዩ ሊያወራ አፉን ከፈተ። ኢድል ቀደመችው።

«ዐያንሌ ነው ያመጣኝ። ዶሮ ቤት የነበረውን መኪና ራሱ ጠግኖ።»

ሃሊሞ መኪናዋን ዞራ አየቻት፤ መከለያዋንም በመዳፏ ዳበሰች። «ራስህ?» አለችው። ዐያንሌ ወተቱን ተቀብሎ፣ ክንፉን ትቶ ከካርቡራተሩ ስላወጣው የዶሮ ላባ ይነግራት ጀመር።