ቀኙ ጎማ ለምን ጨሰ

…እና አሁንም ይቅርታ ይለኛል፣ ዱዌን፣ አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ፣ ካቻቢቴውን ከኪሱ እየፈለገ፣ የኔ ጥፋት ነው ሃርላን፣ ይሄኛውን ጎማ የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ የሆነ ቦታ አጥብቄበታለሁ፣ እያለ፣ እኔ ደግሞ አንድ እጄን የአውሮፕላኔ ክንፍ ላይ አሳርፌ ቆሜያለሁ፣ እንደ ባለቤት፣ እንደ ትዕግሥተኛ ሰው፣ አይዞህ፣ ያጋጥማል፣ እላለሁ። አይዞህ። ይሄ ቃል ከኔ አፍ ነው የወጣው።

ጭሱ አልቋል፣ ሽታው ነው የቀረው፣ የተቃጠለ ቀለም፣ የጋለ ብረት፣ አዲሱ የጎማ ሽፋን ታችኛው ጠርዙ ላይ ውሃ እንደቋጠረ ቆዳ አብጧል፣ ከፋሲካ ወዲህ በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍገው የከረምኩት ሽፋን፣ ማርሊስ ቀለሙን የመረጠችለት፣ ሚስቴ ስለ አውሮፕላኑ የምትጠይቀው ቀለሙንና የምንመለስበትን ሰዓት ብቻ ነው፣ ሌላውን ላንተ ትቼዋለሁ ትላለች፣ ላንተ ትቼዋለሁ፣ እሺ። ዱዌን ጣቱን ወደ ፍሬኑ ዲስክ አስጠግቶ ቶሎ መለሰ፣ ኡፍ አለ፣ ደግሞም ይቅርታ አለ። ዲስኩን ነው ይቅርታ የሚለው ወይስ እኔን።

አዲስ የፍሬን ሸራ መጀመሪያ በሙቀት መገራት አለበት፣ ይሄን የማያውቅ እዚህ ሜዳ ላይ የለም፣ አውሮፕላኑን መሬት ለመሬት ታስኬደዋለህ፣ ትረግጣለህ፣ ደግመህ ታስኬዳለህ፣ ትረግጣለህ፣ እስኪግል፣ ከዚያ ይብረድ ብለህ ትተወዋለህ። ይኸው ነው። ብቻዬን ገባሁ፣ ዱዌን ሃንጋሩ በር ላይ ቆሞ ያየኛል፣ ወደ ማኮብኮቢያው ጫፍ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ወደ ቀኝ ይስበኛል፣ ነፋሱ ነው አልኩ፣ ነፋስ ግን የለም፣ የአጥር ማዶው በቆሎ ቅጠሉ እንኳ አይነቃነቅም፣ ሞተሩም የከበደው ይመስላል፣ ነዳጅ ሰጠሁት፣ ከዚያ ዱዌን ሁለት እጁን እያወናጨፈ ሲሮጥ አየሁ፣ ልቡ ውስጥ ብረት የገባለት ሰው፣ መሮጥ የሌለበት ሰው፣ እና ቁልቁል አየሁ፣ ለምን ቁልቁል እንዳየሁ እንጃ፣ አየሁ።

እግሬን።

ተረከዝ መሬት። መጀመሪያ ቀን የሚነግሩህ ነገር ነው፣ ተረከዝህን ወለሉ ላይ አድርግ፣ የፔዳሉ ታች ለመምራት ነው፣ ላይኛው ጫፍ ፍሬን ነው፣ ስትፈልገው ብቻ እግርህን ከፍ ታደርጋለህ። ግራ እግሬ ወለሉ ላይ ነው፣ ቦታው ላይ፣ ጨዋ። ቀኙ ግን ወደ ላይ ወጥቷል፣ ተረከዙ አየር ላይ፣ ጣቶቹ ፍሬኑን ተጭነውታል፣ መንገዱን ሙሉ፣ እየነዳሁ እየረገጥኩ፣ እኔ ደግሞ ወለሉ ላይ ነው ብዬ፣ እርግጠኛ ሆኜ፣ በኔ ጫማ ውስጥ የማላውቀው ሰው እግር። ዱዌን ከመድረሱ በፊት ጉልበቴን በሁለት እጄ ይዤ አወረድኩት። ደበቅኩት። እንደ ሌባ።

ጠይቆኛል እኮ። መስታወቱን ስከፍት እያለከለከ፣ ሃርላን፣ መጠየቄም ነውር ነው ግን፣ እግርህ ፍሬኑ ላይ አልነበረም አይደል፣ አለኝ፣ እኔም፣ አረ በጭራሽ። በጭራሽ። ቅር ያለኝም መሰልኩ መሰለኝ፣ ምክንያቱም ቶሎ ብሎ፣ አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ አለ፣ ትከሻዬንም ነካ አደረገኝ።

ለመሆኑ ፍሬኑ ለምን ተቀየረ። በል ንገረኛ፣ ለራስህ ንገር። ቅዳሜ ቅዳሜ የበረራ ክለባችን አባል በሆነው በቨርጅል ሃንጋር ውስጥ ፓንኬክ ይጋገራል፣ ሁሉም ወንበሩን ይዞ ይመጣል፣ እዚያ ነው ቆሜ የሰበክኩት፣ አሮጌው ፍሬን ሲግል ይከዳል፣ ትልቅ ዲስክ ያስፈልጋል፣ ትልቁ ዲስክ ደግሞ አሮጌው ሽፋን ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ ሽፋኑም ይቀየራል፣ ሰፋ ያለ ግን ነፋስ የማይዝ፣ እግረ መንገዳችንንም ፍጥነት እንጨምራለን፣ ሹካቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ለአዮዋ ገበሬ የበቆሎ ዘር ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ያልበቀለ ማሳ ፊት ቆሜ ዝናብ እየጠበቀ ነው ብዬ ያሳመንኩ ሰው፣ ይቺማ ምን አላት። ዱዌን አሮጌውን ሲፈታ ሸራውን ወደ መብራቱ አስጠግቶ አገላበጠው፣ ሃርላን፣ ይሄ እኮ ገና ነው፣ ግማሹም አልተበላም፣ አለ። ችግሩ ሲግል ነው አልኩት። አንተ ካልክ አለ፣ ሳጥኑ ውስጥ ጣለው፣ አንተ ካልክ።

አሮጌው ፍሬን ምንም አልሆነም። የሆንኩት እኔ ነኝ። ስኳር አለብኝ፣ እሱን ሁሉም ያውቃል፣ ፓንኬኩን ያለ ሽሮፕ ስበላ ያዩኛል፣ እግሬን ግን ማንም አያውቅም፣ በረዶው ሳይቀልጥ ነው የጀመረው፣ መጀመሪያ ጥጥ የረገጥኩ ዓይነት፣ ከዚያ ጥጡም ጠፋ፣ አንድ ቀን ጫማዬን ሳወልቅ ካልሲዬ ቀይ ሆኗል፣ ውስጡ የብሎን ቀለበት፣ ቀኑን ሙሉ ረግጬው ውያለሁ፣ አልተሰማኝም። ማርሊስ ምን ነካህ አለች፣ ሃንጋር ውስጥ ቆረጠኝ አልኩ። ሐኪሙ እግርህስ አለ፣ ደህና አልኩ፣ ጫማህን አውልቅ እንዳይለኝ ስለ ዝናቡ አወራሁት፣ ደግ ልጅ ነው፣ አባቱ ደንበኛዬ ነበር፣ ስለ ዝናብ አብሮኝ አወራ። አብራሪ ከበረራ በፊት አውሮፕላኑን ብቻ ሳይሆን ራሱንም የመመርመር ኃላፊነት አለበት፣ ብዬ አይደል የክለቡ ስብሰባ ላይ ያነበብኩት፣ መነጽሬን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ፣ ኃላፊነት የሚለው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ትልቅ ፍሬን ከሆነ ትንሽ መርገጥ ይበቃዋል፣ ያ ነው ሒሳቡ፣ የማይሰማ እግር ብዙ እንዳይጠየቅ፣ እና ይኸው፣ ገና ነካ ሲያደርጉት ይነክሳል፣ በአሮጌው ቢሆን እንዲህ አይጨስም ነበር፣ ወጥመዱን ራሴ ሠርቼ ራሴ ቀለም ቀባሁት፣ ጎበዝ።

ዱዌን ግን። ልቡን የታከመ ጊዜ እዚያው ፓንኬኩ ላይ ተነሳ፣ አፉን ጠርጎ፣ ወዳጆቼ፣ ካሁን በኋላ አውሮፕላን አልነዳም፣ ቢጫዋን የኔን የሚፈልግ ካለ ያናግረኝ፣ አለ፣ ተቀመጠ፣ ሽሮፑን አቀብሉኝ አለ። በቃ። እንዲህ ቀላል ነበር። እኔ ነኝ ተነስቼ ትከሻውን የያዝኩት፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ያንተ ወንበር ከኔ ጎን ነው፣ እኔ እያለሁ መሬት ላይ አትቀርም፣ ያልኩት፣ አጨበጨቡ፣ ለኔ ነው ያጨበጨቡት፣ ያን ቀን ለራሴ የተሰማኝ ነገር፣ ያዘንኩለት መስሎኝ፣ አሁን ሳስበው ፊቴን የት ላድርገው። ይሄን አውሮፕላን ስሠራም አብሮኝ ነበር፣ ሪቬት፣ ቆርቆሮውን የሚያያይዘው ምስማር፣ ለብቻ አይመታም፣ አንዱ ከውጭ ይመታል ሌላው ከውስጥ ብረት ይዞ ይደግፋል፣ ከውስጥ የነበረው እሱ ነው፣ ጠባቡ ጭራ ውስጥ ተጠማዞ ገብቶ፣ ጆሮው እየጮኸ፣ አንድም ቀን ቦታ እንቀያየር ሳይል። ነገ ወደ ወንድሙ እርሻ ልንሄድ ነው፣ አጭር የሣር ማረፊያ፣ መጨረሻው ላይ ቦይ አለ፣ ፍሬን የሚፈልግ ቦታ፣ ለወንድሙ ሚስት ያዘጋጀውን የቲማቲም ሳጥን ቅድም አሳይቶኛል። ብናገር ሁለታችንም መሬት ላይ ቀረን። ዝም ብል ነገ ከጎኔ ይቀመጣል፣ ከዚህ እግር ጋር።

ቨርጅል መጣ፣ በጎልፍ መኪናው፣ ሽታው ነው የጠራው፣ እንዴ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ጠበሳችሁ፣ አለ፣ ማነው ይሄን የገጠመው። ዱዌን እጁን አነሳ፣ እንደ ተማሪ፣ እኔ። ቨርጅል ሳቀ፣ አንተ ሽማግሌ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መሰለህ እንዴ እንዲህ ጠፍረህ ያሰርከው፣ ይብላኝ ለሃርላን፣ ካንተ ጋር ለሚሳፈረው፣ አለ፣ ዱዌን ያን አውቶቡስ ዕድሜውን ሙሉ በበረዶ ሲነዳ የአንድ ልጅ አፍንጫ እንኳ አልደማም፣ እና ሳቅኩ። እኔም ሳቅኩ። አጭር ሳቅ ናት፣ ግን ድምፅ ነበራት፣ ዱዌን ቀና ብሎ አየኝና እሱም ትንሽ ሳቀ፣ እኔን ላለማሳፈር። ቨርጅል ሄደ።

አሁን ብሎኖቹን እየፈታ ጨርቅ ላይ ያስቀምጣል፣ ሽፋኑ ወረደ፣ ምንም አያገኝም፣ የለማ፣ ጎማውን በእጁ ያሽከረክረዋል፣ ይዞራል፣ ነፃ ነው፣ ደግሞ ያሽከረክረዋል። አልገባኝም፣ ይላል። ጆሮውን አስጠግቶ ይሰማዋል፣ ምን ሊሰማ ነው። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ፣ ሃርላን፣ እጄ ሳይከዳኝ አይቀርም፣ ያጠበቅኩት አይመስለኝም ነበር፣ ግን ይኸው፣ ካሁን በኋላ ባልነካልህ ይሻላል፣ ነገም ይቅር፣ እኔ በነካሁት ነገር አንተን ሰማይ ላይ አላወጣም፣ ይላል። መሣሪያዎቹን ወደኔ ይገፋቸዋል። ወደኔ። የራሱ መሣሪያዎች ናቸው። እጄን ከክንፉ ላይ አነሳለሁ። ይሄማ፣ ይሄማ አይሆንም፣ መንዳቱን በገዛ አፉ ተወው፣ እጁን ደግሞ እኔ ልወስድበት ነው፣ ምንም ሳላደርግ፣ ዝም በማለት ብቻ።

ተወው ዱዌን፣ እላለሁ፣ ፍሬኑ አይደለም። ታዲያ ምንድነው። እግሬ ነው። እግርህ ምን ሆነ። አይሰማኝም፣ ቀኙ፣ ፍሬኑ ላይ ነበር፣ ስትጠይቀኝ ዋሸሁህ።

ጨርቁን አንስቶ እጁን ይጠርጋል። ጣት በጣት። ከመቼ ጀምሮ፣ ይላል። በረዶው ሳይቀልጥ። ሲያስብ አየዋለሁ፣ አፉ አይንቀሳቀስም፣ ግን የት የት እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ ወንድሙ ጋ፣ ሐይቁ ላይ ያን ነፋሻ ቀን፣ ሁሉም በረራ ላይ ከጎኔ ተቀምጦ ሳንድዊች እየበላ፣ ቁልቁል የሰው ጎተራ እያሳየኝ። ማርሊስስ ታውቃለች። አታውቅም። እሷንም ይዘህ በረሃል፣ ይላል፣ መጠየቁ አይደለም። አዎ። ቨርጅል ሲስቅብኝ ታውቅ ነበር። አዎ። ይቆጣል ብዬ እጠብቃለሁ፣ ቢቆጣ እወዳለሁ፣ ቢሰድበኝ፣ አንተ ውሸታም ቢለኝ እቀበላለሁ፣ እሱ ግን ሽፋኑን ቦታው መልሶ ብሎኖቹን ያስራል፣ ሁሉንም፣ ሳይቸኩል፣ ዲስኩ እስኪበርድ ይጠብቃል፣ አንድ ጊዜ በጣቱ ይነካዋል፣ ከዚያ ጉልበቱን ይዞ ይነሳል፣ ልደግፈው እጄን ስዘረጋ አልፎኝ ይሄዳል።

በዚያ በኩል ግባ፣ ይላል።

በቀኝ በኩል እገባለሁ፣ እሱ በግራ፣ በኔ ወንበር፣ ይሄን አውሮፕላን ከሠራሁ ጀምሮ በዚህ በኩል ተቀምጬ አላውቅም። እግሬን ወደ ፔዳሉ እሰዳለሁ፣ ልማድ ነው፣ ደህነኛው ግራ እግሬ ላይኛውን ጫፍ ይፈልጋል፣ የለም፣ በዚህ በኩል ፍሬን የለም። ያላደረግኩት እኔ ነኝ። አዲሱ ፍሬን የመጣ ቀን፣ እጅህ ከገባ በኔም በኩል አንድ ጥንድ ብታደርግልኝ፣ ምናልባት አንድ ቀን ቢያስፈልግ፣ ብሎ ነበር፣ ክብደት ይጨምራል አልኩት፣ ክብደት፣ የፈራሁት ሌላ ነው፣ ፍሬን ያለው ሰው እግር ማየት ይጀምራል፣ የኔን ያያል ብዬ ነው። እዚህ የተቀመጠ ሰው የሚረግጠው የለም፣ የሚይዘው ጉልበቱን ነው፣ ጎኑ ያለውን ሰው አምኖ ይሄዳል፣ ሌላ ምን ያድርግ፣ ዱዌን እዚህ ተቀምጦ ነበር ሳንድዊቹን የሚበላው። አፈርኩ። ጠዋቱን ሙሉ ያፈርኩ መስሎኝ ነበር፣ ያ እንዳይታወቅብኝ መፍራት ነበር፣ ይሄ ሌላ ነው፣ ዞር ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ሞተሩን ያስነሳል። ቀስ ብሎ ያስኬደዋል፣ ሁለቱም እግሮቹ ወለሉ ላይ፣ የአውቶቡስ ሹፌር እግር፣ ከኋላ ልጆች የተኙበት ይመስል፣ ሃንጋሩ ጋ ስንደርስ ጫማውን ወደ ላይ ከፍ ያደርግና ይረግጣል፣ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳይል።

ፍሬኑ ደህና ነው፣ ይላል ዱዌን፣ ፊት ለፊቱን እያየ።