ሰባት እልልታ

በእልልታ እኔን የምታህል ሴት አዋሳ ውስጥ አልነበረችም። ጉራ አይደለም፤ ጉራ የሚነዛበት ዕድሜ አልፎኛል። ሐይቅ ዳር ሠርግ ካለ አበበች ትጠራ፣ ቱላ ልጅ ከተወለደ አበበች ትጠራ ነበር። ድምፄን ከሩቅ የሰማ ሁሉ "ይቺ አበበች ናት" ይላል እንጂ ሌላ ሰው አይጠረጥርም። ያጠፋኝም ይኸው ነው።

በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን አዳራሽ ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። በሰፈሩ ያለው አንድ ቴሌቪዥን የቀበሌው ነው፤ እሱም በእንጨት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይቀመጣል። የሳጥኑ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነበር። ሊቀመንበሩ ጓድ በላይነህ፣ እሑድ ጠዋት ውይይት ያልተገኘ ሰው ቅዳሜ ማታ ድራማ አያይም ብሎ ደንግጓል። ስለዚህ ሕዝቡ እሑድ ያንቀላፋል፣ ቅዳሜ ይነቃል።

ድራማው አስቂኝ ነበር። አንድ ፈሪ የቢሮ ጸሐፊና ነፍሰ ጡር ሚስቱ ናቸው። በየሳምንቱ ሚስትየው "መጣብኝ!" ትላለች፤ እሱ በካልሲው ይሮጣል፤ አዋላጅ ይዞ ሲመለስ እሷ ቁጭ ብላ ምሳዋን ትበላለች። እንዲህ እያለ አሥራ ሦስት ሳምንት ሄደ። በመጨረሻው ቅዳሜ ትወልዳለች ተብሎ፣ ወንድ ነው ሴት ናት እያለ የማይከራከር ሰው አልነበረም።

ታቢታ ያን ድራማ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር የምታየው። ቡሹሎ ያደገች የሲዳማ ልጅ ናት፤ ጴንጤ ናት፣ ግን ከእኔ ጋር ተጣልታ አታውቅም። ባሏ ደምሴ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ቤታቸው ከአዳራሹ ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ወርዶባታል፤ ይኸኛው ሦስተኛዋ ነው፣ ወሩንም ጨርሷል። ስትስቅ ሆዷን በሁለት እጇ ትደግፈዋለች።

"እትዬ አበበች፣ ከእኔና ከእሷ ማናችን እንቀድም ይሆን?" አለችኝ አንድ ቀን ወደ ቴሌቪዥኑ እያየች።

"እሷ ያሰረችው ትራስ ነው፤ ከትራስ ጋር ምን አወዳደረሽ?" አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ ቃል አስገባችኝ፤ የእኔን እልልታ ከእርስዎ በቀር ማንም እንዳይል አለችኝ። በሰፈራችን ምጥ የያዛት ሴት ቤት ወንድ አይገባም፤ ባል ውጭ ሆኖ እልልታውን ይቆጥራል። ሰባት ከሆነ ወንድ፣ ሦስት ከሆነ ሴት። ደምሴም "እኔ መቁጠር ሥራዬ ነው፣ አልሳሳትም" ብሎ ይቀልድ ነበር።

ምጧ ዓርብ ሌሊት ጀመራት። ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሰፈራችን አዋላጅ ወይዘሮ ደብሪቱ ወደ በራፉ ወጣችና እጇን በቀሚሷ ጠራረገች። ያቺ ሴት መቶ ልጅ አዋልዳለች፤ ፊቷ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

"ይኼ ከእኔ በላይ ነው" አለች። "ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱንም እናጣለን። መኪና አምጡ።"

መኪና ያለው ገብረየስ ነው፤ የመንግሥት እርሻ ላንድሮቨር የሚነዳ ሹፌር፣ ቤቱ ከአዳራሹ ጀርባ ሁለተኛው መንገድ ላይ። ቅዳሜ ማታ ያለ ደብዳቤ የመንግሥት መኪና ማስነሳት ያን ጊዜ ያሳስራል። ደምሴ እግሩ ላይ ወድቆ ሊለምነው ሄደ።

እኔም አዳራሹን መክፈት ነበረብኝ፤ ሕዝቡ በሩን ሊሰብረው ነው። ታቢታ ምጡ ፋታ ሲሰጣት እጄን ያዘችኝ።

"ሄደው ይዩልኝ፣ እትዬ። ከወለደች መጥተው ይንገሩኝ።"

"ማርያም ትቅረብሽ" አልኳት።

"ጌታ ይርዳሽ ይበሉ" አለችኝ፤ በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ታሾፍብኛለች።

ደብሪቱም "መኪናው እስኪመጣ እዚህ ምንም የምትሠሪው የለም፣ ሂጂ" አለችኝ። ሄድኩ። የታዘዝኩትን ነው ያደረግኩት እያልኩ ራሴን ስሸነግል ስንት ዓመት አለፈ።

አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ከሙቀቱ የተነሣ መስኮቱን ሁሉ ከፍተነዋል። ሚስትየው ትጮሃለች፣ ባልየው አልጋ ሥር ተደብቆ እግሩ ብቻ ይታያል፣ ሰው በሳቅ ይፈርሳል። እኔ አልሳቅሁም። ልቤ ከአጥሩ ወዲያ ነው። በመጨረሻ አዋላጇ ሕፃን ታቅፋ ብቅ አለችና "ወንድ ነው!" አለች። አዳራሹ ተነሣ። ከኋላ አንዱ "እትዬ አበበች፣ ምን ይጠብቃሉ?" አለኝ።

ምን እንደነካኝ ልንገራችሁ። ይኼን ልጅ በደስታ ካስወጣሁት የታቢታም በደስታ ይወጣል አልኩ በሆዴ። አግዳሚው ላይ ቆምኩና እልል አልኩ። አንድም ሳላጎድል፣ ሰባት። ለሷ ያስቀመጥኩትን ለትራስ አወጣሁት።

ሳጥኑን ቆልፌ ሮጥኩ። የታቢታ ከንፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

"ወለደች፣ ወንድ" አልኳት ጆሮዋ ሥር ሆኜ።

"ሰማሁ" አለች። "እልልታዎ እዚህ ድረስ መጣ። ለእኔ መስሎኝ ነበር።"

መኪናውን ጠበቅን። አንድ ሞተር ድምፅ ሲያሰማ ደብሪቱ ቀና ትላለች፤ ያልፋል። ሌላ ይመጣል፤ እሱም ያልፋል። ፈሪው ገብረየስ እምቢ ብሎ ነው እያልን ረገምነው፤ እኔ ከሁሉም አብልጬ ረገምኩት። ሰዓት ሲሄድ ታቢታ መጮህ ተወች።

ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየን በኋላ በሩ ተከፈተ። ደምሴ ነው። በአንድ እጁ ዶሮ አንጠልጥሏል፣ በሌላው የማር ቆርቆሮ ይዟል፣ ፊቱ ያበራል።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ!" አለ ገና ከደፍ ሳያልፍ።

ወደ አልጋው አየ፣ ወደ ደብሪቱ አየ፣ በመጨረሻ እኔ ላይ ዓይኑ አረፈ።

"ወንድ ነው አይደል፣ እትዬ? ሰባት ቆጥሬያለሁ። ድምፅዎን አጣዋለሁ እንዴ?"

ወይ ነዶ! ለካ ገብረየስ እሺ ብሎት ነበር። ሞተሩን አስነሥቶ የግቢውን በር እየከፈቱ ሳለ ነው የእኔ ድምፅ የመጣላቸው። ደምሴ አቅፎ ሳመው። ገብረየስም ከእስር ተረፍኩ ብሎ፣ ሰው ሳያየው መኪናውን ወስዶ እርሻው ግቢ አቆመና ቁልፉን ለዘበኛ አስረከበ። ደምሴ ደግሞ ሴቶቹ አራሷን አጣጥበው እስኪጨርሱ ብሎ ለአራስ የሚሆን ሊገዛ ገበያ ሄደ፤ ሰው እየሳመው፣ እሱም እያቆመ እየተሳሳመ።

ዶሮዋ ከእጁ ወደቀች። እሱ ሲሮጥ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ገብረየስ ተፈልጎ፣ ዘበኛው ተለምኖ፣ መኪናው እስኪመጣ ሌላ አንድ ሰዓት ሄደ። ልጅቷ መንገድ ላይ መኪና ውስጥ ተወለደች፤ አለቀሰችም። እናቷ የሆስፒታሉን በር አላየችም።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ለምን ዘገያችሁ ይላል። ደምሴ "ከሌላ ቤት የመጣ እልልታ አሳሳተኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" ይላቸዋል። እኔ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጬ እሰማለሁ። የእኔን ስም አንድ ቀን አላነሣም። እኔም እኔ ነኝ ብዬ አልተነሣሁም፤ አፌን ምን እንደያዘው እግዜር ይወቅ።

ከለቅሶው በሁለተኛው ወር የድራማው የመጨረሻ ክፍል በተመልካች ጥያቄ ይደገማል ተባለ። ጓድ በላይነህ ክፈቺ አለኝ፣ ከፈትኩ። ከዚያ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋሁ። "ኧረ ሞቀን" አሉ። "ሙቁ" አልኳቸው። ሴትየዋ መጮህ ስትጀምር መቀመጥ አቅቶኝ ወጣሁ።

ደምሴ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ልጅቷን በእናቷ ነጠላ ጠቅልሎ ታቅፏታል። ድራማው በተዘጋው መስኮት በኩል ይሰማል፤ "ወንድ ነው!" ሲባል ሁለታችንም ሰማነው። ውስጥ ሰው አጨበጨበ። እልልታ የለም፤ እኔን እየፈለጉኝ ይሆናል።

"እትዬ አበበች" አለኝ ደምሴ ቀስ ብሎ፤ "ለእሷ እኮ ማንም እልል አላለላትም። ሦስት ብቻ ነው።"

እጄን አፌ ላይ አደረግኩ። ምላሴ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። እንደገና ሞከርኩ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቀኛል፤ ልጅቷ ነቅታ ታየኛለች። ሦስተኛ ስሞክር እንባዬ ቀደመኝ።

"ይሁን፣ ሌላ ቀን" አለኝና ልጅቷን ይዞ ገባ።