የቆመው ማራገቢያ

ጦልሃ ከሆስፒታል ሲወጣ ግቢው ሁሉ «አልሐምዱሊላህ፣ ዳነ» አለ። ከእግሩ ቁስል የተነሣ ኢንፌክሽን ደሙን መርዞ ሞት አፋፍ አድርሶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሰውየው ሌላ ነው። የመልካ ጀብዱ መንገድ ላይ ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ ሰው፣ ከአልጋው እስከ በር ሲሄድ ግድግዳ ይይዛል። የጀመረውን ወሬ ይረሳል። ጸጉሩ ይረግፋል።

ሐኪሙ የጦልሃን ሚስት ዳሃቦን፣ «ብርድ ብርድ ካለው ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት» ብሏታል። እኔ የግድግዳ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ስታወራ ሰምቻለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የመኪናውን መስታወት ሲወለውል አገኘሁት።

«ሰኞ ሥራ እገባለሁ፣ አባ ወልዴ።»

«እጅህ ይንቀጠቀጣል።»

«አቦ ተወኝ! ያንተስ አይንቀጠቀጥም?»

«እኔ ሰው አልጭንም።»

ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አለቀ።

በቀትር ድሬ ይተኛል፤ ሱቁም ሰዉም። እኔን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በረንዳዬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ ደግሞ ተቀመጥኩ። የጦልሃ ማራገቢያ አሮጌ ነው፣ ሲዞር ይንጫጫል። ድንገት ጸጥ አለ።

ዳሃቦ ከግቢው ዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተጋድማለች። «መብራት ሄደ» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

መብራት ሲሄድ እዚህ ማንም አይደነግጥም። ወደ ክፍሌ ዘወር ስል ግን የኔው ማራገቢያ ይዞራል።

«ዳሃቦ፣ መብራት አለ! በዚህ ሐሩር ማን ማራገቢያ ያጠፋል?»

ተነሥታ ሮጠች። ተከተልኳት። ጦልሃ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

«ደበቅከኝ አይደል?» አለችው።

«ያልፋል። ሆስፒታል አልመለስም።»

«ባለፈው ወጥተህ የለ?» አልኩት።

«ተሸክመውኝ ነው የወጣሁት።»

«እንግዲያው ዛሬ በእግርህ ግባ። ትንሽ ከቆየህ ይህም የለም።»

ዳሃቦ ወደ መንገድ ወጣች። ባጃጅ ነጂዎቹ በዚያ ሰዓት ጥላ ሥር ተቀምጠው ጫት ላይ ናቸው። ጮኸችባቸው። ዐብዲራዛቅ የሚባለው ጉንጩ እንደተወጠረ መጣ።

ጦልሃ ግድግዳውን ይዞ ወጣ። በሩ ላይ የሚኒባሱን ቁልፍ ሰጠኝ።

«ያዝልኝ። ለሰኞ።»

የትኛው ሰኞ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ባጃጁ ሲነሣ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ድምፁ መጣ።

«ንዳው እንጂ፣ አቦ! ግመል ነው እንዴ የምትጎትተው?»