ቀይ ፕላስተር

የሞተሩ የኋላ ጎማ ሲከዳው፣ ቀስታ የሚባለው ተወዳዳሪ መጀመሪያ ያሰበው ስለ አጥንቱ አልነበረም፤ ማን አየኝ ብሎ ነበር። በጎኑ ተንሸራቶ ጠጠሩ ውስጥ ገባ፣ አንዴ ተገለበጠ፣ ሄልሜቱ ከኋላ በኩል «ቋ!» ብሎ ከአንድ ነገር ጋር ተላተመና ቆመ። አቧራው ሳይበተን ተነሳ። ገበያ መሃል አዳልጦት የወደቀ ሰው እንደሚያደርገው ግራና ቀኙን አየ፣ ሱሪውን አራገፈና ሞተሩን ለማንሳት ጎንበስ አለ።

የልምምዱ ባንዲራ ያዥ ሆዱን በእጁ ደግፎ እየሮጠ ደረሰ። አሯሯጡን ላየ ከወደቀው ይልቅ እሱ ነበር የሚያሳዝነው።

«ደህና ነህ? ምንህን ተመታህ?»

«ምንም! ሞተሯ ተኛች እንጂ እኔስ አልወደቅኩም።»

«ራስህስ? ራስህ መሬት ነክቷል?»

«ኧረ የምን ራስ! በክርኔ ነው ያረፍኩት።»

ባንዲራ ያዡ እያለከለከ ዐይን ዐይኑን አየው። ደንቡን ሁለቱም ያውቁታል። ራሱ መሬት የነካ ተወዳዳሪ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ ሄልሜቱ ላይ የተለጠፈችው አረንጓዴ የፍተሻ ምልክት ትላጣለች፤ በዚያ ሄልሜት ዳግመኛ የውድድሩ መስመር ውስጥ አይገባም። ሌላ ሄልሜት ለሌለው ለቀስታ ያ ማለት የነገው የእሑድ ውድድር ቀረ ማለት ነው።

«እሺ፣ አንተ ካልክ» አለና ባንዲራውን አጥፎ ተመለሰ።

እንዲህ ዐይኑን በጨው አጥቦ የዋሸው ሰው፣ በሥራ ቀን ላየው ውሸት ቀርቶ ጮክ ያለ ንግግር የሚያውቅ አይመስልም። መስታወት ቆራጭ ነው። ትልልቅ መስታወት ተሸክሞ መንገድ ባቋረጠ ቁጥር «ቀስታ! ኧረ ቀስታ!» እያለ ስለሚሄድ ሰፈሩ እናቱ ያወጡለትን ስም ረስቶ ቀስታ ብሎት ቀረ። ሲራመድ የተኛ ሕፃን የታቀፈ ነው የሚመስለው። ሳምንቱን ሙሉ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይውልና ቅዳሜ ሲደርስ የቆዳ ልብሱን ለብሶ ሞተር ላይ ይወጣል። ቤት ተቀምጦ እንኳ እግሩ አያርፍም። ጠረጴዛ ሥር ሲያርገፈግፈው የሰው ሁሉ ሻይ ይደፋል።

መቼም ሲወዳደር ስድስት ዓመቱ ነው፣ ዋንጫ ግን አላየንም። «ስንተኛ ወጣህ?» ሲሉት «ከአሥሩ ውስጥ ነኝ» ይላል። «ስንት ነበራችሁ?» ሲሉት ደግሞ «አሥራ አንድ» ይልና ቶሎ ወሬ ይቀይራል።

ይህ ቅዳሜ ግን የተለየ ነበር። ጠዋት በነበረው የሰዓት ማጣሪያ ሦስተኛ ወጥቶ፣ ለነገው ውድድር የፊት መስመር ላይ ቦታ አገኘ። የፊት መስመር! ከፊቱ የማንም ጭስና የማንም ጀርባ የሌለበት ቦታ። ወዲያው ሚስቱ ጋ ደወለ። እሷ «ስትወድቅ ከማይ፣ ወደቀ ሲሉኝ ብሰማ ይሻለኛል» ብላ አንድም ቀን መጥታ አታውቅም። የፊት መስመር ሲላት ግን፣ «በል ነገ እመጣለሁ፤ እናትህንም ይዣቸው እመጣለሁ» አለችው። ደስ ብሎት ከሰዓት በኋላ ለመለማመድ ገባ። ይኸው፣ ደስታው ጠጠር ውስጥ ጣለው።

አመሻሹ ላይ ሱቁ ደረሰ። ባልና ሚስት የሚሠሩት እዚያው ከመኖሪያቸው ሥር ባለው ክፍል ነው፤ እሱ ይቆርጣል፣ እሷ ትለካለች፣ ታጸዳለች፣ ትሸጣለች። ሄልሜቱን ወፍራም ጨርቅ በተነጠፈበት የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አገላበጠው። ከኋላ በኩል ጥፍር የምታህል ጭረት አለች። ከእሷ ሥር ደግሞ ፀጉር የመሰለች መስመር ያለች መሰለው። መብራቱን አቅርቦ ሲያያት የለችም፤ ሲያርቀው አለች።

ይህን በሥራው ጠንቅቆ ያውቀዋል። መስታወት ሲገዛ ከማየቱ በፊት በጣቱ አጥንት ያንኳኳዋል። ጤነኛው ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይሞታል። እዚህ ቤት ድምፁ የሞተ መስታወት ጠርዙ ላይ ቀይ ፕላስተር ይለጠፍበትና ግድግዳው ጥግ ይቆማል። ቀይ ያለበት አይቆረጥም፣ አይሸጥም፣ ለዘመድ እንኳ በነፃ አይሰጥም። ይህን ደንብ ያወጣችው ሚስቱ ናት፤ እሱ ደግሞ እጁ እስኪለምደው ድረስ ጠብቆታል።

ሄልሜቱን ለማንኳኳት እጁን አነሳ። ግን አላንኳኳውም። ጆሮው እውነቱን እንዳይሰማ እጁን መለሰና ጭረቷን ለመሸፈን ጠረጴዛው ጎን ከተሰቀሉት ጥቅሎች ቁራጭ ፕላስተር ቆርጦ ለጠፈባት። ዐይኑ ጭረቷ ላይ ስለነበረ የትኛውን ጥቅል እንደሳበ ልብ አላለም። እጅ ግን የለመደውን አይስትም፤ የሳበው ቀዩን ነበር።

«ምን ታደርጋለህ እዚያ?» ስትል ሚስቱ ከደረጃው ላይ ተጣራች።

«አቧራ እየጠረግኩ ነው!»

«የነገው ሰው ዛሬ ይተኛል። ና ብላ!»

በላ እንጂ አልተኛም። እግሩ አልጋው ላይም ሲወዳደር አደረ።

በማግስቱ የውድድሩ ሜዳ ዳር ድንኳኖቹ ተደርድረዋል። ቀስታ ድንኳን የሚጋራው ከሰፈሩ ሥጋ ሻጭ ጋር ነው፤ ሰውዬው ጎድን ነው የሚባለው። ጎድን ግዙፍ ነው፤ ሞተሩ ላይ ሲቀመጥ ሞተሩ አይታይም። ራሱም እንደ ሰውነቱ ነው። «እዚህ ሜዳ ላይ ትልቅ ራስ ያለን እኔና አንተ ብቻ ነን፤ ችግሩ ውስጡ ምንም የለም» እያለ ቀስታ ላይ ያሾፋል። በዚያ ቀን የጎድን ውድድር ከቀስታ ቀድሞ ነበር።

ከሚስቱ ጋር የመጡት እናቱ ጥላቸውን ዘርግተው ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው መስመሩን ያያሉ።

«ይሄ ሁሉ ሰው እንዲህ የሚቸኩለው ወዴት ነው?»

«ውድድር ነው እማዬ» አለ ቀስታ፤ «ይዞራሉ።»

«ዞረው የት ይደርሳሉ?»

«እዚሁ ይመለሳሉ።»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ አርፈው አይቀመጡም?»

ጎድን ጮኾ ሳቀ። «እማማ፣ ይሄንን ጥያቄ ሚስቴ ፊት እንዳይደግሙት!»

ቀስታ አልሳቀም። የጎማውን አየር ለካ፤ ለክቶ እንዳበቃ መልሶ ለካ። ጓንቱን አደረገ፣ አወለቀ። ውኃ ጠጣና የት እንዳስቀመጠው ጠፋው፤ ጠርሙሱ እጁ ላይ ነበር። ሚስቱ ታየዋለች። ሥራ ፈትታ መቀመጥ ስለማትችል ከቦርሳዋ የመስታወት መጥረጊያ ጨርቅ አውጥታ የሄልሜቱን የፊት መከለያ እንደ ደንበኛ መስኮት ታብስ ጀመር። ፊቱን ጨርሳ አዞረችው።

እጇ ቆመ።

«ይሄን ማን ለጠፈው?»

«እኔ ነኛ። ትንሽ ተጭሮብኝ ነው። ለጌጥ።»

«ለጌጥ» አለች። እናትየውን ሰረቅ አድርጋ አየችና የጀመረችውን ጨርሳ አበሰች። ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል አልወጣትም። ቀስታም ዝም አይነቅዝም ብሎ ወደ ጎማው ተመለሰ። ይህቺ ሴት ስትቆጣ ሳይሆን ዝም ስትል እንደሚፈራት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

የመጀመሪያው ውድድር ጥሪ ተሰማ። ጎድን ተነሳ፣ ሄልሜቱን አጠለቀ፣ የአገጩን ማሰሪያ ሳብ ሲያደርጋት እጁ ላይ ቀረች።

«ወይኔ! በጠስኳት!» የተበጠሰችውን አየት አድርጎ ወረወራትና ዞረ። «ቀስታ፣ ያንተን ወዲህ በላት!»

«ምኑን?»

«ሄልሜትህን ነዋ! ያንተ የሚጀምረው የእኔ ሲያልቅ አይደል? ላቤን ጠርጌ እመልስልሃለሁ። ቶሎ በል፣ የመስመሩን በር ሊዘጉት ነው!»

«አይሆንም!»

ድምፁ ከራሱ ቀድሞ ወጣ። ከአጠገቡ ባሉት ድንኳኖች ያሉ ሰዎች ሁሉ ዞር አሉ። ጎድን እየቀለደ መስሎት እጁን ዘረጋ፤ ቀስታ ሄልሜቱን አንስቶ ከጀርባው ሸሸገው።

«አንተ ሰውዬ ምን ሆነሃል? ከእኔ ራስ የሚገጥም ሌላ ከየት ላምጣ?»

«አልሰጥህም አልኩህ! አልሰጥም!»

ጎድን እጁን ቀስ አድርጎ መለሰ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ሄዶ የተከፋ ልጅ ፊት የመሰለ ነገር ቀረ።

«ለካ እንዲህ ነህ። አንድ ቀን የፊት መስመር ብትቆም ሰው ናቅክ። እኔ ግን አንድም ቀን ከሥጋህ ላይ አጥንት ጨምሬ መዝኜብህ አላውቅም።»

ይህን ብሎ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ሰሙት፤ ከዚያ ሞተሮቹ ያለ እሱ ተነስተው እያጓሩ አለፉ።

«ምን ሆነ ይሄ ደግ ሰው?» አሉ እናትየው።

«ምንም አልሆነ እማማ፣ ነፋሱ እንዳይመታዎት ትንሽ ወደዚህ ይጠጉ» አለች ሚስቱ፤ ወንበራቸውን አስተካከለችላቸውና ባሏን በዐይኗ ጠርታ ከድንኳኑ ጀርባ ወጣች።

«ትናንት ወድቀሃል።»

«ተንሸራተትኩ።»

«ራስህን ነው የተመታኸው።»

እግሩ ጠጠሩን ይቆፍራል።

«ለሰውዬው ለምን ከለከልከው?»

«ቢወድቅስ? ያ ሁሉ ሰውነት እላዩ ላይ...» አለና አቋረጠው። የተናገረውን ራሱ ሰማው።

«የእሱ ራስ አሳዘነህ። የአንተስ?»

«አንቺ፣ ሄልሜት እኮ መስታወት አይደለም።»

«እኔ አይደለሁም ቀይ የለጠፍኩበት። እኛ ቤት ቀይ ጌጥ ሆኖ ያውቃል?»

ሄልሜቱን አዞረና አየው። ቀይ ነው። ከጠዋት ጀምሮ በእጁ ሲያገላብጠው ነበር፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ቀይ ነበር፤ አሁን ነው ያየው።

«የፊት መስመር ነው እኮ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሌላ ጊዜ ላገኘው አልችልም። ዕድሜዬን ታውቂዋለሽ። ደግሞ አንቺም መጥተሻል።»

«አውቃለሁ። እኔም ያንን ላይ ብዬ ነው የመጣሁት፤ ፀጉሬን ሁሉ ተሠርቼ» አለች። «አትሂድ አልልህም። አትሂድ ብዬህ ብትቀር ዕድሜ ልክህን በእኔ ልታሳብብ ነው፤ ሻይ በደፋህ ቁጥር ያቺ የፊት መስመር ልትነሳብኝ ነው። አንኳኳውና የሚልህን ስማ። ከዚያ እንደፈለግክ።»

ጥላው ትሄዳለች ብሎ ጠብቆ ነበር። አልሄደችም፤ እጇን አጣምራ ቆመች።

የእሱ ውድድር ተጠራ። የፊት መስመር ተሰላፊዎች በቅድሚያ ይግቡ ሲል ድምፅ ማጉያው ደገመው። ጓንቱን ለማጥለቅ ጀመረና ተወው። በባዶ እጁ፣ በጣቱ አጥንት፣ ሄልሜቱን ከግንባሩ በኩል አንኳኳ። ጥርት ያለ ነው። ከጎንና ከጎን አንኳኳ፤ ጥርት ያለ ነው። ቀዩ ላይ ሲደርስ «ዱፍ» አለ፤ እርጥብ እንጨት እንደመታ። ምናልባት ፕላስተሩ ይሆናል ብሎ ከእሱ ዝቅ አድርጎ አንኳኳ። ዱፍ። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ ለሰው የሸጠበት ቀን አልነበረም።

ድምፅ ማጉያው ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠራው አውራ ጣቱን አረንጓዴዋ የፍተሻ ምልክት ጠርዝ ላይ አሳረፈ። ጥፍሩ ከአዲስ መስታወት ላይ ወረቀት እየላጠ የኖረ ጥፍር ነው፤ ሳትቀደድ ሙሉዋን አነሳት።

«የሐኪሙ ድንኳን የት ነው?» አለች ሚስቱ ወዲያው።

«እዚያ ማዶ። መጣሁ፣ አንድ ነገር አለብኝ።»

ጎድን ከአጥሩ አጠገብ የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ቀስታ ሄልሜቱን ጭኑ ላይ አኖረለት።

«አሁን ነው የምትሰጠኝ? ሰዉ ከገባ በኋላ?» አለ ጎድን። ከዚያ አረንጓዴዋ የነበረችበትን ባዶ ቦታ አየ። «ምልክቷስ?»

«ላጥኳት። ትናንት ወድቄ ነበር። ራሴን ነው የተመታሁት። ተሰንጥቋል።»

ጎድን ሄልሜቱን አዙሮ ቀዩን አየ። መስመሩ ላይ ሞተሮቹ ተሰልፈው ያጓራሉ፤ ከፊት መስመሩ ሦስተኛው ቦታ ባዶ ነው።

«ስማ፣ ይሄን ለእኔ ከልክለህ አንተ ራስህን ልትከትበት ነበር?»

«ነበር።»

«ውስጡ ምንም የለም ስልህ አላመንክም!» አለና ሳጥኑ ላይ ገለል አለለት።

ቀስታ ተቀመጠ። ሞተሮቹ ተነሱ። ሁለቱም አንገታቸውን አስግገው አዩ። የቀስታ እግር ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ብረት ሁሉ ያንቀጫቅጫል፤ የጎድንም እግር ተከተለው። ከድንኳኑ በኩል «ልጄ የትኛው ነው?» የሚል የእናትየው ድምፅ ይሰማል።

የመጀመሪያው ዙር ሲያልፍ ጎድን ሄልሜቱን አገላበጠና የቀዩን ፕላስተር ጠርዝ በጥፍሩ ጫር አደረገው።

«ይሄንንም ልላጥልህ?»

«ተው፣ እሱን አትንካው» አለ ቀስታ፤ ሄልሜቱን ተቀብሎ ሚስቱ ወደቆመችበት ወደ ሐኪሙ ድንኳን ለመሄድ ተነሳ።